የጓንቷ ትንሽ ጣት

እንደምን አደራችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ። በተለይ ሌሊቱን ተረኛ ሆናችሁ አድራችሁ፣ ጋውናችሁን አውልቃችሁ ቀጥታ ወደዚህ አዳራሽ የገባችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በኦፕሬሽን ጊዜ ዕቃ የምታቀብሉ ስክራብ ነርሶች፣ የሰመመን ባለሙያዎች፣ የሕክምና መሣሪያ የምትጠግኑ የባዮሜዲካል ልጆች፣ አዋላጆች፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞቻችን፣ ሁላችሁንም በማየቴ ደስ ብሎኛል። የማህበራችንን የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርባል፣ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን። እኔ የተሰጠኝን ደቂቃ በአንድ ዕቃ ላይ ላውለው ነው። ዕቃዋን አብዛኞቻችሁ በእጃችሁ ይዛችኋታል።

ኦፕሬሽን ክፍል የጀመርኩ ሰሞን ነው። እግሩ ከጉልበቱ በታች የቀዘቀዘ፣ የገረጣ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። የረጋ ደም የእግሩን ደም ወሳጅ ቧንቧ ዘግቶበታል። ሐኪሙ ዓይናቸውን ሳያነሡ እጃቸውን ዘረጉና «ፎጋርቲ!» አሉኝ። ጫፏ ላይ የምትነፋ ፊኛ ያላትን ቀጭን ቱቦ ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ፎጋርቲ ማለት እንደ መቀስ፣ እንደ መርፌ የዕቃ ስም ይመስለኝ ነበር። ሰው ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እስቲ ትሪያችሁን አስቡት፦ ኮኸር፣ አሊስ፣ ባብኮክ፣ ፎሊ። ሁሉም የሰው ስም ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ስንጠራ ነው የምንውለው።

ቶማስ ፎጋርቲ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ሲንሲናቲ ከተማ ነው። አባቱ የባቡር ነጂ ነበሩ፤ የሞቱት እሱ ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። እናቱ ናቸው ያሳደጉት። እጁ አያርፍም ነበር፤ ትንንሽ አውሮፕላን ይሠራል፣ የተበላሸ ነገር ይፈታል፣ ይገጥማል። ገና ትምህርት ቤት ሳለ ሆስፒታል ተቀጠረ። ሥራው ዕቃ ማጠብ ነበር። ቆይቶ ከዕቃ ማጠቢያው ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ገባና ስክራብ ቴክኒሺያን ሆነ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም ዛሬ የማወራው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ከመሆኑ በፊት እኛ የምንቆምበት ቦታ ቆሟል። የኛን ሥራ ሠርቷል።

ከዚያ ቦታ ሆኖ ምን አየ? በዚያን ጊዜ የእግር ደም ወሳጅ ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ሐኪሞቹ እግሩን በረጅሙ ይከፍቱና ቧንቧውን እየከፈቱ ደሙን በመቆንጠጫ ለመልቀም ይሞክሩ ነበር። ሰዓታት ይፈጃል። በሽተኛው ብዙውን ጊዜ ልቡ የደከመ ሰው ነው፣ ያን ያህል ሰመመን አይችልም። ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ ከሞት የተረፉትም እግራቸው የሚቆረጥ ብዙ ነበሩ። ይህ ወጣት ዕቃ እያቀበለ ይህን ሁሉ ያያል። እኛም እኮ እናያለን። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሐኪም ዓይኑ ቁስሉ ላይ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንዳልያዘ፣ የትኛው እንደተንሸራተተ፣ የትኛው ሦስት ጊዜ ተሞክሮ እንደተጣለ በደንብ የሚያየው አቀባዩ ነው።

ጃክ ክራንሊ የሚባሉ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ ልጁን እንደ ልጃቸው አቅርበው፣ ሕክምና እንዲማር የገፋፉት እሳቸው ናቸው። ፎጋርቲ ከሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ሐሳቡ ግን ገና ተማሪ ሳለ ይመላለስበት ነበር። ደሙን ከላይ ከመልቀም ይልቅ ከታች ገብቶ ጎትቶ ማውጣት ቢቻልስ? ቀጭን የሽንት ካቴተር፣ ማለትም ሽንት ማውጫ ቱቦ፣ ወሰደ። የቀዶ ጥገና ጓንት አነሣና ትንሿን ጣት ቆርጦ ከካቴተሩ ጫፍ ላይ አጠለቃት። ፊኛ ሆነች። ችግሩ ማያያዙ ላይ መጣ። ካቴተሩ ሌላ፣ የጓንቱ ጎማ ሌላ ነው፤ ሁለቱን አጣብቆ የሚይዝ ማጣበቂያ በዚያን ጊዜ አልነበረም። እዚህ ላይ የልጅነቱ ነገር ደረሰለት። ፎጋርቲ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ወንዝ ላይ ለሚጠመድ ዓሣ ዝንብ የምትመስል ማታለያ ከላባና ከቀጭን ክር በእጅ ይቋጠራል፣ እሱም ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቅበታል። ጓንቷን በካቴተሩ ላይ በዚያው አቋጣጠር ጠፍሮ አሠራት። ያዘች።

አሠራሯን ታውቃላችሁ፣ ለእንግዶቻችን ስል ግን ልበለው። ብሽሽት አጠገብ በትንሹ ይቀደዳል፣ ብዙ ጊዜ አካባቢውን ብቻ በማደንዘዝ። ፊኛዋ ሟሽሻ፣ ካቴተሩ በረጋው ደም መሐል ሾልኮ ያልፋል። ከዚያ ማዶ ሲደርስ በስሪንጅ ጨው ውኃ ይገፋና ፊኛዋ ትነፋለች። ቀስ ተብሎ ሲጎተት የረጋው ደም አብሯት ይወጣል። ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1961 በሰው ላይ ተሞከረች፣ ሠራችም።

ዓለም ወዲያው እጁን ዘርግቶ የተቀበላት እንዳይመስላችሁ። የሕክምና መጽሔቶች ጽሑፉን መለሱበት፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዕቃ አምራች ኩባንያዎችም አንፈልግም አሉት። እሱ ኦሬገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ላይ ቀዶ ሕክምና እየተማረ፣ ሌሊት ሌሊት በእጁ እየቋጠረ ለጓደኞቹ ያድል ነበር። ተረኝነት ማለት ምን እንደሆነ ለምታውቁ ለእናንተ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። መንገዱን የከፈተለት እዚያው የነበረ ሐኪም ነው፣ አልበርት ስታር። ስታር ከሎዌል ኤድዋርድስ ጋር፣ እሱ መሐንዲስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የሠሩ ናቸው። ስታር ለኤድዋርድስ ነገረው፣ የኤድዋርድስ ኩባንያ ካቴተሯን ማምረት ጀመረ፣ ፎጋርቲም እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ ፓተንቱን፣ ማለትም የፈጠራውን የብቻ መብት፣ አገኘ። ያ የመጀመሪያው ነው። ኋላ በስሙ ከመቶ በላይ ፓተንት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ የፈጠራ ሰዎች ክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው፦ በደም ቧንቧ ውስጥ ፊኛ ይዞ መግባት እንደሚቻል ሰው አየ። እ.ኤ.አ. በ1977 አንድሬያስ ግሩንትዚግ ዙሪክ ላይ የልብን ቧንቧ በፊኛ ከፈተ። ዛሬ አባቶቻችንና እናቶቻችን ደረታቸው ሳይከፈት ልባቸው የሚታከመው በዚያ መንገድ ነው።

አሁን ስለ ፓተንት። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ስታጨማድዱ ይታየኛል። «ሐኪም ከሕይወት ማዳኛ ዕቃ ገንዘብ ይሰበስባል እንዴ?» የሚል ጥያቄ በማህበራችን ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፣ ጥያቄውም ትክክል ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የኤድዋርድስ ነገር ነው። በእጅ የተቋጠረ ካቴተር ስንት ሰው ያድናል? ለሺዎች እንዲደርስ ፋብሪካ ያስፈልጋል፣ ፋብሪካ ደግሞ ከከሰረ አይሠራም። ፓተንት ያንን አደጋ የሚሸከም ሰው እንዲገኝ ያደርጋል። ከዚህ ጋር ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፦ የራሱን ዕቃ በራሱ በሽተኛ ላይ የሚጠቀም ሐኪም ከዚያ ዕቃ ጥቅም እንዳለው ለበሽተኛውም ለባልደረቦቹም መናገር አለበት። ይህን መደበቅ ክህደት ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ፓተንት ደግሞ ቀድሞ ለደረሰ ነው። ፎሊን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ከመካከላችሁ ፎሊ ያስገባ አለ። ፍሬደሪክ ፎሊ ሚኒሶታ ውስጥ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ነበር። ፊኛ ያለውን የሽንት ካቴተር ፓተንት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲያመለክት ከአንድ የጎማ ኩባንያ የመጣ ሌላ ሰው ጥቂት ወር ቀድሞት ተገኘ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በመጨረሻም ፓተንቱ ለዚያኛው ጸና። ዕቃዋ ግን እስከ ዛሬ በፎሊ ስም ትጠራለች።

ሦስተኛዋን ፊኛ አዋላጆች ከኔ በላይ ያውቋታል። ባንግላዴሽ፣ ዳካ ላይ ሳየባ አክተር የሚባሉ የማህፀን ሐኪም አሉ። ከወሊድ በኋላ ደማቸው አልቆም ብሎ የሚሞቱ እናቶችን ያያሉ። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ፊኛ ዋጋው አይቀመስም። እሳቸው ኮንዶም ወሰዱ፣ በካቴተር ላይ በክር አሠሩ፣ ማህፀን ውስጥ አስገብተው በጨው ውኃ ሞሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ 23 እናቶች ላይ ሠርተውት የሁሉም ደም ቆሟል። አሠራሩን ማንም አንብቦ እንዲሠራው በይፋ አሳተሙት። ዛሬ በብዙ ድሃ አገር ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ይሠራበታል። ካቴተር፣ ስስ ጎማ፣ ክር። ዕቃው ከፎጋርቲ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ አስመዘገበ፣ አንዷ በነጻ ሰጡ፣ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ምክንያቱም አንደኛው ፋብሪካ ይፈልጋል፣ ሌላኛው ከማንኛውም ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ሁለቱም ግን ጻፉት።

ይሄ «ጻፉት» የሚለው ቃል እኔን ያመኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ክፍለ ሀገር አንድ ሆስፒታል ስሠራ የሰክሽን ማሽናችን፣ ደምና ፈሳሽ የሚመጠው፣ ሁሌ ይሞትብን ነበር። ጠርሙሱ ሲሞላ መዝጋት ያለበት ተንሳፋፊ ቫልቭ ስለማይዘጋ ፈሳሹ ወደ ፓምፑ ይገባል። አንድ የባዮሜዲካል ባልደረባችን ከስሪንጅ መግፊያ ጎማና ከመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ሌላ ተንሳፋፊ ሠራለት። እኔ እዚያ እስከነበርኩ ድረስ ፓምፑ ደግሞ አልሞተም። ልጁ ሥራ ቀይሮ ሄደ። ቆይቶ ማሽኑን ለመጠገን የመጣ ሰው ያቺን ነገር ቆሻሻ መስላው አውጥቶ ጣላት። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ፓምፑ ተቃጠለ። ልጁን ደውዬ ስጠይቀው መጠኑን ራሱም አላስታወሰም። ፎቶ የለ፣ ሥዕል የለ፣ አንዲት መስመር ጽሑፍ የለ። ደም በአፉ ሞልቶ ሰክሽን ሲያስፈልገው የነበረን በሽተኛ ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ፣ በልጁ ሳይሆን በሁላችንም ላይ፣ አጠገቡ ቆመን «ጎበዝ!» ብለን ጨብጠነው ብቻ በሄድነው ሰዎች ላይ።

ስለዚህ ዘንድሮ ሥራ አስኪያጅ ኮሚቴው አንድ ነገር ለጉባኤው ያቀርባል። በየሆስፒታሉ ያለው ቅርንጫፋችን አንድ ጠንካራ ደብተር ይኑረው፣ ገጹ ቁጥር ያለው። ኦፕሬሽን ላይ ያልሠራ ዕቃ፣ የተጣመመ፣ የተንሸራተተ፣ ወይም አንዳችሁ ያሻሻላችሁት ነገር ካለ ቀኑ፣ ሥዕሉ፣ መጠኑና የሠሪው ስም እዚያ ይግባ፤ ሌላ ባልደረባ አይቶ ይፈርምበት። የበሽተኛ ስም ፈጽሞ አይጻፍ። አዲስ ዕቃ ደግሞ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያውቀው ሰው ላይ አይሞከርም።

ሕጉን በተመለከተም የተሳሳተ ወሬ ስላለ ጥቂት ልበል። አገራችን የፈጠራ ሕግ አላት፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987። በዚህ አዋጅ የቀዶ ሕክምና ዘዴ ራሱ ፓተንት አይሰጠውም። ማንም ሐኪም «ይህ አሰፋፍ የኔ ነው፣ አትስፉ» ሊል አይችልም፣ እንዲህ መሆኑም ደስ ይለኛል። ለዚያ ሥራ የምታገለግለው መሣሪያ ግን ፓተንት ሊሰጣት ይችላል። ዘመኑ ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ለአነስተኛ ፈጠራም የብቻው የምስክር ወረቀት አለ፣ መስፈርቱም ይቀላል፤ የኛ አብዛኛው ነገር እዚያ የሚገባ ይመስለኛል። ማመልከቻው የሚገባው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ለማስመዝገብ ካሰባችሁ ግን ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት አመልክቱ፤ አንዴ ለሕዝብ ከወጣ አዲስነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። በመሥሪያ ቤት ሰዓትና ዕቃ የምትሠሩትም የማን እንደሚሆን ሳትጀምሩ ከአለቃችሁ ጋር በጽሑፍ ተነጋገሩ፤ በኋላ መካሰስ ከባድ ነው። እንደ ሳየባ በነጻ መስጠት የምትፈልጉም ስጡ፣ ማህበሩ ጽሑፉን በማሰናዳት ያግዛችኋል።

ሐኪሞቻችን፣ ለእናንተ አንዲት ልመና አለችኝ። ክራንሊ ያን ዕቃ አጣቢ ልጅ ባይሰሙት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ዕቃ አቀባይዋ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር እኮ እንዲህ ቢሆን» ስትላችሁ፣ ኦፕሬሽኑ መሐል ባይሆን እንኳ ጓንታችሁን ስታወልቁ ጠይቋት።

የመጀመሪያው ደብተር ከኋላ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እስክሪብቶም አለ። ከሻይ በፊት ሥዕል መሣል የምትፈልጉ ትችላላችሁ። ያ የሰክሽን ተንሳፋፊ የሠራው ልጅም ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፣ ስሙን እንዳልጠራ ስለለመነኝ አልጠራም፤ እንደገና ሠርቶ፣ በዚህ ጊዜ በሚሊሜትር ለክቶ አምጥቷታል። አንደኛው ገጽ የእሱ ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ መድረኩን ተረከብ።