በሬ እንዳያነብ የሚከለክል ሕግ አለ?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1852፣ ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ። አሜሪካ የነጻነት በዓሏን ባከበረች ማግስት ፍሬድሪክ ዳግላስ መድረክ ላይ ወጣ። ከ14 ዓመት በፊት ከሜሪላንድ ባርነት ያመለጠ ሰው ነው። «እኛም ሰዎች ነን» ብሎ ይለማመጣል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ዳግላስን አታውቁትም።

ማስረጃው በእናንተው ሕግ ውስጥ አለ፣ አላቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ጥቁርን በሞት የሚያስቀጡ 72 ወንጀሎች አሉ፤ ከነዚያ ውስጥ ነጩን የሚያስገድሉት 2 ብቻ ናቸው። በጥፋቱ የሚጠየቅ ደግሞ ሰው ነው እንጂ ከብት አይከሰስም። ደቡብ ውስጥ በባርነት ያለን ሰው ፊደል ማስቆጠርም ያስቀጣ ነበር። ለእንስሳ የወጣ እንዲህ ያለ ሕግ አሳዩኝና ያኔ እንከራከራለን፣ ነው ነገሩ። (በነገራችን ላይ፣ ወደ ንግግሩ ማብቂያ «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ጥቅሳችንን ጠቅሷል።)

አሁን ወደ ጆርጂያ እንውረድ። ሜከን ከተማ፣ ዲሴምበር 1848። በባርነት የምትኖረው ኤለን ክራፍት አባቷ የእናቷ ጌታ ስለነበረ መልኳ ነጭ ይመስላል። ፀጉሯን ተቆረጠች፣ ሱሪና ኮት ለበሰች፣ ባለቀለም መነጽር አደረገችና ሕመምተኛ ነጭ ጌታ ሆነች፤ ባሏ ዊሊያም ደግሞ አሽከሯ። በባቡርና በመርከብ፣ በሰው ፊት! ግን ሆቴል መዝገብ ላይ መፈረም አለ፣ እሷ ደግሞ መጻፍ አልተማረችም። ምን ዘየደች? ቀኝ እጇን እንደታመመ ሰው በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ቻርለስተን ወደብ ላይ መንገደኛ የሚመዘግበው ሹም «አልጽፍም» ብሎ ድርቅ ሲል የመርከቡ ካፒቴን መዘገበላቸው። በገና ዕለት ባርነት ወደሌለባት ፊላደልፊያ ገቡ።

በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል የደቡብ ሐኪም ብቅ አለና ከባርነት መሸሽ በሽታ ነው ብሎ ጻፈ። ስሙም ድራፔቶማኒያ። ሥራ መለገምንና ዕቃ መስበርንም ሌላ የበሽታ ስም አወጣላቸው! ይሄ ልገማ ግን ለኔ ከሽሽቱ አያንስም። ልጅ ያላት እናት፣ ከነጻው ግዛት በጣም ርቆ የሚኖር ሰው፣ የአሳዳጅ ውሻ የሚፈራ ሁሉ የት ይሮጣል? እዚያው ሆኖ ዶማውን ይሰብራል፣ አመመኝ ይላል፣ እጁን ያዘገያል።

ክራፍቶችም ፊላደልፊያ ደርሰው አላረፉም። በ1850 በወጣው የሸሹ ሰዎችን የማስመለስ ሕግ ምክንያት አሳዳጆች እስከ ቦስተን መጡባቸው፣ እነሱም ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። እዚያ ተማሩ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተመልሰው ሳቫና አቅራቢያ፣ እዚያው ጆርጂያ፣ ከባርነት ለወጡ ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ።