ሚዛን ላይ የወጣው ዕቃ

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ አብዛኞቻችን በቶርኖ መላጫ እጃችን የተቆረጠ ሰዎች ስለሆንን መግቢያ አላበዛም። የተሰጠኝ ርዕስ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ዘመናዊ አሠራር ነው።

ዕቃው የመኪና ማርሚታ የሥጋ ዘመድ ነው። አባትየው ሂራም ማክሲም መትረየስ ፈልስፎ በተኩሱ ብዛት ጆሮው ደነቆረ። ልጁ ሂራም ፐርሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ለድምፅ ማፈኛው የፈጠራ መብት አገኘ፤ ያንኑ ሐሳብ ለሞተር ጭስ ማውጫም አዋለው። ከአፈሙዝ የሚወጣውን ትኩስ ጋዝ በክፍልፋዮች እያንገላታ ያበርደዋል፣ ያዘገየዋል፤ በቃ። ፊልም ላይ የምትሰሙት «ፊሽ» ውሸት ነው። ከድምፅ የሚፈጥን ጥይት አየሩን ሲሰነጥቅ የሚጮኸውን ማንም ማፈኛ አይነካውም።

ድሮ ክፍልፋዮቹ አንድ በአንድ በቶርኖ ይወጡ ነበር። ዛሬ ሌዘር የታይታኒየም ዱቄትን ከፀጉር በቀጠነ ንብርብር እያቀለጠ፣ የእኛ መቁረጫ ፈጽሞ የማይደርስበትን ጠመዝማዛ መተላለፊያ ይሠራል። ይህን የብረት ኅትመት አደንቃለሁ። «ፋይሉን ላክ፣ ዕቃውን ተቀበል» የሚሉትን ግን አልታገሥም!

አንድ ጊዜ፣ የጦር መሣሪያ ሳይሆን የጋዝ ማስተላለፊያ ክፍል ነው፣ ታትሞ መጣልን። ያበራል፤ በካሊፐር ስንለካው ልክ ነው። አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ ግን ሚዛን ላይ አወጣችውና፣ «ሥዕሉ ከሚለው ከብዷል፤ አላልፈውም» አለች። አለቃው ሳቀ። «ማሽን አይሳሳትም» አላት። ሁለት ቀን ተከራከረች። በሦስተኛው ቀን እኔው ራሴ መጋዝ አንስቼ ለሁለት ሰነጠቅሁት፦ ያልወጣው ዱቄት መተላለፊያው ውስጥ ተጋግሮ ደፍኖታል።

ልጅቷን ሸለሟት? «ሥራ አጓታች» ብለው ከቦታዋ አነሷት! እኛስ፣ እኔን ጨምሮ፣ ምን አልን? አቀርቅረን ሥራችንን ቀጠልን። ለሌዘሩ ሚሊዮን የሚያወጣ ድርጅት ውስጡን በራጅ ለማየት ሲሆን «ገንዘብ የለም» ይላል። ማፈኛው ደግሞ ግፊት ተሸክሞ ሰው ፊት አጠገብ የሚቀመጥ ዕቃ እኮ ነው!

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፦ ከአገር አገር ይለያያል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ይመዘገባል። ስለ ሙቀት ማከምና ስለ ገጽ ማለስለስ የጻፍኩትን ሰዓቱ ስላለቀ ዘልዬዋለሁ።

የሰነጠቅሁትን ዕቃ ይዤው መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስትወጡ ጣታችሁን ውስጡ አስገቡና ዳብሱት።