ኳሱን አትቀሙት፤ ፊደሉን ወደ ሜዳው አምጡለት

[ምስል፦ ረፋድ፣ ሐዋሳ። ከሐይቁ ዳር ልጆች በጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ። አንዱ ድንጋይ ላይ ቆሞ ጨዋታውን በጩኸት ያስተላልፋል።]

ተራኪ፦ ይህን ልጅ አድምጡት። ስምንት ዓመቱ ነው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ማንሳቱን፣ እሱ ሳይወለድ የሆነውን፣ ትናንት ያየው ያህል ይነግራችኋል። ማታ መጽሐፉን ስትገልጡለት ግን ያ ሁሉ ድምፅ ይጠፋል። ጣቱ አንድ ቃል ላይ ይቆማል፤ ዓይኑ ወደ በሩ ይሄዳል።

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ኳሱን ይቀማል። «ማንበብ እስክትችል ኳስ የለም!» ጭንቀቱ ይገባኛል። ነገር ግን የቀማነው ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነበው የሚችለውን ነገር ነው።

[ምስል፦ በወረቀት ላይ የተሳለ የቤዝቦል ሜዳ፤ ትንንሽ የእንጨት ተጫዋቾች።]

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 64 የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ አንድ የቤዝቦል ግጥሚያ አስነበቡ። ከዚያም ያነበቡትን እንዲያሳዩና እንዲተርኩ ጠየቋቸው። በንባብ ደካማ የተባሉት ቤዝቦል አዋቂዎች፣ ንባባቸው ጎበዝ ሆኖ ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። ስለሚያነበው ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ የኳስ እውቀት «ሰ»ን ከ«ሸ» አያስለይም። ፊደሉን ማስተማር የእኛ ፋንታ ነው።

[ምስል፦ የእናት እጅ በደብተር ላይ ሲጽፍ፣ በቅርበት።]

እንግዲህ ልጁ ጨዋታውን ሲያስተላልፍ አጠገቡ ተቀመጡና አፉ ላይ ያለውን ጻፉ። «ኳሷን አገኘ። አንዱን አለፈ። መታ። ግብ ጠባቂው ያዘ።» ቃሉን አታሳምሩት፤ የራሱ ይሁን። ከዚያ መልሶ ያንብበው። መጀመሪያ በቃሉ ይወጣዋል፣ ምክንያቱም የተናገረው እሱ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በመቀስ ቆራርጡት፤ «አለፈ» ለብቻው፣ «አንዱን» ለብቻው። አደባልቁና እንደገና ይገጣጥመው። አሁን እያንዳንዱን ቃል ሳያይ ማለፍ አይችልም። እኔ ይህን በእህቴ ልጅ ላይ ሳደርግ «መታ» እና «አለፈ» የሚሉትን ቦታ አቀያየረና ራሱ ሳቀ፤ «ሳያልፍ እንዴት ይመታል?» አለኝ። እያነበበ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

[ምስል፦ በአፈር ላይ በእንጨት የተሳሉ ሰባት ቤቶች። አንዲት ልጅ ጠጠር ትወረውራለች።]

ሰኞ ማክሰኞ ለምትወድ ልጅ ደግሞ ሰባት ቤት ሥሩላት። የሳምንቱ ቀናት ሰባት ናቸው፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት የፊደል ቤቶችም ሰባት። በየቤቱ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ብላችሁ ጻፉ። እንጣጥ ስትል ያረፈችበትን ፊደል ድምፁን ትጥራ። የፊደሏንም እግር አብራችሁ አስተምሩ፦ «ባ» ቀኝ እግሯ ረጅም ስለሆነ እዚያ በቀኝ እግር ይቆማል፤ «ቦ» ግራ እግሯ ረጅም ስለሆነ በግራ። ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ተባዝቶ 231 ሲደርስ ለልጅ ተራራ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰባት ግን ጨዋታ ነው። በነጋታው «ለ»ን ብትጽፉ፣ የረዘመው እግር «ላ» እና «ሎ» ላይም እንዳለ ሳትነግሯት ልታይ ትችላለች።

ቆርኪ ለሚሰበስብ፣ በቆርኪው ሆድ ፊደል ጻፉበት፤ ድምፁን የጠራ ይወስደዋል። እዚህ ሐዋሳ በሲዳምኛ የሚማሩ ልጆች ቆርኪያቸው ላይ የላቲኑን ፊደል ይጻፉ፤ ጨዋታው አይለወጥም። ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ልጅ ደግሞ የሐይቁን ዓሦች ራሱ ይሳላቸውና ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ ብሎ ከሥራቸው ይጻፍ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ጨዋታውን ፈተና አታድርጉት። «ይህ ምንድን ነው? ያስ?» እያልን ከተከታተልነው ቆርኪውን ጥሎ ይሄዳል፣ እውነቱንም ነው። ሲሳሳት ትክክለኛውን ድምፅ እኛ በተራችን እንጥራው፤ ጨዋታው ይቀጥል። በቃኝ ሲል ይብቃው።

[ምስል፦ ማታ፣ መንገድ ዳር። ጀርባው ላይ ጥቅስ የተለጠፈበት ባጃጅ ቀስ እያለ ያልፋል።]

መኪና ለሚወድ ልጅ ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ክፍል አላውቅም። ጥቅሱ አጭር ነው፣ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ቀጣዩም ወዲያው ይመጣል። እጁን ይዛችሁ መንገድ ዳር ቁሙና እናንተ የመጀመሪያውን ቃል አንብቡ፣ እሱ ሁለተኛውን።

[ምስል፦ ባጃጁ ይታጠፋል። ልጁ ሁለተኛውን ቃል ሳይጨርስ አመለጠው፤ አንገቱን አስግጎ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።]