የባቄላ ሥር ላይ ያለው እብጠት በሽታ አይደለም

(ምስል፦ ኩታበር፣ የነሐሴ መጨረሻ፣ ጭጋግ የለበሰ፣ ያበበ የባቄላ ማሳ)

ልጅ ሆኜ እሸት ፍለጋ ስገባ ባቄላውን ከነሥሩ እመነግለው ነበር። የአያቴ ቁጣ አይጣል ነው! «ፍሬውን ልቀም እንጂ፣ ሥሩ ምን አደረገህ?» ይሉኛል።

(ምስል፦ አፈሩ የተራገፈ ሥር፣ በቅርበት)

እስቲ ሥሩን እዩት። ትንንሽ እብጠቶች አሉበት። ትል የበላው የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፣ ቤት ነው። ነዋሪዎቹ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ1888 ከእብጠቱ ለይቶ ያወጣቸው ማርቲነስ ቤየሪንክ የተባለ ኔዘርላንዳዊ ነው።

እንዴት ገቡ? ባቄላው ራሱ ጠርቷቸው። ሥሩ አፈር ውስጥ ኬሚካል ይለቃል፤ ባክቴሪያው በራሱ ኬሚካል «አቤት» ይላል። የሥሩ ፀጉር ይጠመዘዝና ያቅፈዋል፣ በቀጭን ቱቦም ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ማንም ዝም ብሎ አይገባም ታዲያ። የባቄላው ባክቴሪያ ከምስር፣ ከአተርና ከጓያ ጋር ይስማማል። ሽምብራ ግን የራሱን ወገን ይፈልጋል።

የምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ግን እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። ባክቴሪያዎቹ ወደ አሞኒያ ይለውጡለታል። በዩሪያ ከረጢት በብር የምንሸከመው ይህንኑ ናይትሮጅን ነው። ባቄላው ደግሞ ቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይመግባቸዋል። ሰጥቶ መቀበል ነው።

(ምስል፦ በጥፍር የተከፈለ እብጠት)

እኔ የምወደው ይሄን ነው። ባቄላው ሲያብብ አንዱን እብጠት ክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው። ቀለሙ የመጣው ከእኛ ደም ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ነገር ነው። ናይትሮጅኑን የሚለውጠው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲበዛበት ይበላሻል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይሆንለትም። ስለዚህ ይህ ቀይ ነገር ኦክስጅኑን እየቆነጠረ ያድላል። ባቄላ ደም አለው ብል ብዙም አልዋሸሁ። ነጭ ከሆነ ግን ገና ነው፣ ወይም እንግዳው ሰነፍ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል።

የቆቦ ማሽላስ? ማሽላም ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል፤ እንዲህ ያለ ቤት ግን አይሠራለትም።

(ምስል፦ ዘር ከህያው ማዳበሪያ ጋር ሲታሽ)

እነዚህ ባክቴሪያዎች ህያው ማዳበሪያ ተብለው በፓኬት ይሸጣሉ። ዘሩን በስኳር ውሃ ረጠብ አድርጋችሁ፣ ጥላ ሥር አሽታችሁ፣ ወዲያው ዝሩት። ፀሐይ ይገድላቸዋል። ፀረ ፈንገስ የተቀባ ዘር ላይ ማሸትም ብር ማቃጠል ነው። ዩሪያ አታብዙበት፤ ባቄላው ከጠገበ እንግዳ አይጠራም።

ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ ገብስ እንደሚያምር ገበሬው ድሮም ያውቃል። ግን እናጋንን አንበል፦ አብዛኛው ናይትሮጅን በፍሬው ይወጣል፣ ገለባውንም ከብት ይበላዋል። ለመሬቱ የሚተርፈው በዋናነት ሥሩ ነው። ስለዚህ ሲደርስ አትንቀሉት፣ በማጭድ እጨዱት። ሥሩ እዚያው ይበስብስ።

(ምስል፦ የታጨደ ማሳ፣ ከአፈር ብቅ ያለ የባቄላ ጉቶ)