የባሕር መሞቅና አሲዳማነት በዙፕላንክተን ላይ፦ ለድሬዳዋ አድማጮች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በስልክ ስለ ባሕር ሙቀትና ስለ ዙፕላንክተን የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በአየር ላይ የመለስኳቸው ሰዓቱ እየገፋኝ በችኮላ ነበር። እዚህ ጥያቄዎቹን ባጭሩ እያስታወስኩ መልሱን ዘርዘር አድርጌ አቅርቤያለሁ።

ከሳቢያን የደወሉ የከባድ መኪና አሽከርካሪ፦ «ጅቡቲ ስመላለስ በኅዳር ወር ጓደኞቼ በጀልባ ወስደው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ጀርባው ነጠብጣብ የሆነ ግዙፍ ዓሣ አሳዩኝ። ያ ሁሉ አካል የሚኖረው በዓይን የማይታይ ነገር እየበላ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?»

በአብዛኛው እውነት ነው። ያዩት ዌል ሻርክ ነው፤ በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ወደ ታጁራ የሚመጣው ውሃው በዙፕላንክተን ስለሚሞላ ነው። አፉን ከፍቶ ውሃውን ያስገባና ምግቡን አጥልሎ ያስቀራል። «በዓይን የማይታይ» የሚለው ግን መታረም ይገባዋል። ዙፕላንክተን የሚባሉት የውሃውን ፍሰት ተቋቁመው ወደፈለጉት አቅጣጫ ርቀው መጓዝ የማይችሉ እንስሳት ሲሆኑ፣ ከእነርሱም በብዛት የሚገኙት ኮፔፖዶች፣ የሽሪምፕ የሩቅ ዘመዶች፣ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ። የባሕር ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ቢያነሡት፣ የጤፍ ፍሬ የሚያክል ነገር ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት ሲፈናጠር፣ ደግሞ ሲቆም ያያሉ፤ እርሱ ነው። ኮፔፖዶች ፋይቶፕላንክተን የሚባሉትን ደቃቅ የባሕር ዕፀዋት ይበላሉ፤ ኮፔፖዶቹን ደግሞ ከእንቁላል የወጡ የዓሣ እጮች ይመገቧቸዋል። ብዙዎቹ ኮፔፖዶች ሌሊት ወደ ላይ ወጥተው በልተው ንጋት ላይ ወደ ጥልቁ ስለሚወርዱ፣ ከአየር ወደ ባሕር የገባውን ካርቦን በኩሳቸው አማካይነት ወደ ታች ያወርዱታል።

ከከዚራ የደወለች የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ባሕሩ አሲዳማ እየሆነ ነው ሲባል እንደ ሎሚ ሊኮመጥጥ ነው ማለት ነው?»

አይደለም፤ ጥያቄሽ ግን ብዙ አዋቂዎችን የሚያሳስት ነገር ላይ ያረፈ ነው። የባሕሩ የላይኛው ውሃ የፒኤች መጠን (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነት መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 8.2 ገደማ ነበር፤ አሁን ወደ 8.1 ወርዷል። ከ7 በላይ ስለሆነ ውሃው ዛሬም ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። ሆኖም በፒኤች መለኪያ አንድ ቁጥር መውረድ ማለት አሲዳማነትን የሚያመጣው የሃይድሮጅን አዮን በ10 እጥፍ መጨመር ስለሆነ፣ ይህች የ0.1 ለውጥ 30 በመቶ ገደማ ጭማሪ ማለት ናት።

መንስኤውን አምቦ ውሃ ያስረዳሻል። ምላስሽን ቆንጠጥ የሚያደርግሽ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ የሚሠራው ደካማ አሲድ ነው፤ ባሕሩም የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን እየዋጠ ያንኑ አሲድ ይሠራል። በድሬ የቀትር ሙቀት የሞቀ ጠርሙስ ሲከፈት ጋዙ ቶሎ በንኖ እንደሚያልቅ፣ የቀዘቀዘው ግን ጋዙን ይዞ እንደሚቆይ ታውቂያለሽ። ባሕርም እንደዚሁ ሲቀዘቅዝ ብዙ ጋዝ ስለሚይዝ፣ የአሲዳማነቱ ጉዳት ቀድሞ የሚታየው በዋልታዎች አካባቢ ነው።

ከመጋላ የደወሉ እናት፦ «ዛጎል ያላቸው እንስሳት ይሟሟሉ ስትሉ ይህን በቤታችን ማየት ይቻላል?»

ይቻላል እናቴ። ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ አቼቶ ውስጥ ቢያስቀምጡ ወዲያው ጥቃቅን አረፋ ያለብሰዋል፤ በማግስቱ ቅርፊቱ ጠፍቶ በስስ ሽፋን ብቻ የተያዘ፣ ሲነኩት የሚለመጥ እንቁላል ያገኛሉ። የእንቁላል ቅርፊትና የባሕር ዛጎል የተሠሩት ከአንድ ነገር፣ ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። አቼቶ ከባሕር ውሃ እጅግ የበረታ አሲድ ስለሆነ ባሕሩ ውስጥ ይህ በአንድ ሌሊት አይሆንም። እዚያ የሚሆነው ቀስ ያለ ነው፦ የተጨመረው ሃይድሮጅን እንስሳቱ ዛጎል የሚገነቡበትን ካርቦኔት እየቀማ ስለሚይዘው፣ ግንባታው ይከብዳቸዋል፤ የተገነባውም ይሳሳል።

ጉዳቱ በግልጽ የታየባቸው የባሕር ቢራቢሮ የሚባሉት ቴሮፖዶች ናቸው። ብዙዎቹ ምስር የማያክሉ ቀንድ አውጣዎች ሲሆኑ፣ እግራቸው ወደ ሁለት ክንፍ ተለውጦ ውሃው ውስጥ ይቀዝፋሉ፤ ዛጎላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነው። ከአንታርክቲካ ዙሪያ ባሕርና ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የተሰበሰቡት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ፣ በሕይወት ሳሉ የዛጎላቸው ገጽ ተበልቶ ተገኝቷል። በዚያው በደቡቡ ባሕር የሚኖር ፎራሚኒፌራ የሚባል አንድ ሕዋስ ያለው ፍጥረትም፣ የዛሬው ዛጎሉ በባሕሩ ወለል ደለል ውስጥ ከተገኙት የቀደሙት ዛጎሎች ከ30 እስከ 35 በመቶ ቀልሎ ተመዝኗል።

ከለገሃሬ የደወሉ አድማጭ፦ «ከሙቀቱና ከአሲዱ የትኛው ይብሳል?»

እስከ ዛሬ በባሕር ላይ ጎልቶ የታየው የሙቀቱ ሥራ ነው። ከ1931 ጀምሮ የንግድ መርከቦች ከኋላቸው የሚጎትቱት፣ በሐር ጨርቅ ላይ ፕላንክተን እያጠለለ የሚያስቀር መሣሪያ አለ፤ ከእርሱ በተገኘው መዝገብ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ሙቀት ወዳዶቹ ኮፔፖዶች በ40 ዓመታት ገደማ ውስጥ 10 ዲግሪ ኬክሮስ ያህል ወደ ሰሜን መግፋታቸው ታውቋል። በእንግሊዝና በኖርዌይ መካከል ባለው በሰሜን ባሕር ቅዝቃዜ ወዳዱ፣ ስብ የበዛበት ኮፔፖድ እያነሰ በሙቀት ወዳዱ ዘመዱ ተተክቷል። ተተኪው በብዛት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ የኮድ ዓሣ እጮች ግን የሚፈለፈሉት በጸደይ ስለሆነ፣ ምግብ በሚያሻቸው ሰዓት ምግቡን ያጡታል። በዚያ ላይ ሞቃቱ የላይኛው ውሃ ከቀዝቃዛው የታችኛው ጋር መደባለቅ ስለሚያቅተው፣ ከጥልቁ የሚወጣው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ ኦክስጅንም ያንሳል።

ነገር ግን ሁለቱን ለያይቶ ማበላለጥ ትክክለኛ መንገድ አይመስለኝም። ሙቀት የእንስሳውን የሰውነት ሥራ ስለሚያፈጥን ተጨማሪ ምግብ ይጠይቀዋል፤ አሲዳማነቱም የሰውነቱን ውስጣዊ ሚዛን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት ያስወጣዋል። ሁለቱም የሚከፈሉት ከአንድ ጎተራ ነው። በተለይ እንቁላሎችና ገና የተፈለፈሉ እጮች ጎተራቸው ትንሽ ነው፤ የጎለመሰ ኮፔፖድ የሚችለውን እነርሱ አይችሉትም። ክሪል የሚባለው ሽሪምፕ መሰል የአንታርክቲካ እንስሳ እንቁላልም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከዛሬው እጅግ በበዛበት ውሃ በቤተ ሙከራ ሲቀመጥ መፈልፈል ተስኖታል።

በሲሚንቶ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ አባት፦ «እኛ ስንፈልጠው የኖርነው የኖራ ድንጋይ የባሕር ዛጎል አለበት። በጥንቱ ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዛሬው ይበልጥ እንደነበር አንብቤያለሁ፤ ያኔ ዛጎል ከተሠራ ዛሬ ምን ያሰጋናል?»

ይህ ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው፤ አንብበው የደረሱበትም ልክ ነው። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት፣ ምሥራቅ ኢትዮጵያን ባሕር ሸፍኖት ነበር፤ የድሬዳዋ የኖራ ድንጋይም የዚያ ባሕር ደለል ነው። ልዩነቱ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው፤ ጋዙ በሚሊዮን ዓመታት ሲጨምር፣ ዝናብ የየብሱን አለት እያጠበ ወደ ባሕር የሚያወርደው ማዕድን አሲዱን እያለዘበው ይሄዳል። ከ56 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ግን ካርቦኑ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ተለቅቆ ምድር 5 ዲግሪ ያህል ሞቃ ነበር፤ ያኔ በጥልቁ ባሕር ወለል የነበረው ዛጎል ሟሙቶ በቦታው ጭቃ ብቻ ቀረ፤ በዚያ ከሚኖሩት የፎራሚኒፌራ ዝርያዎችም ብዙዎቹ ጠፉ። የዛሬው አለቃቀቅ ከዚያም ይፈጥናል።

እኚሁ አባት «እንግዲያው የእኛን ኖራ ፈጭቶ ባሕሩ ላይ መበተን አይቻልም?» ብለውኛል። አሲዱን በማዕድን ማለዘብ ዛሬ በመጠኑ እየተሞከረ ያለ ሐሳብ ነው። ሆኖም ጥሬው የኖራ ድንጋይ በባሕሩ የላይኛው ውሃ አይሟሟም፤ እንዲሟሟ ቢቃጠል ደግሞ እርስዎ በእቶኑ ዘንድ እንደሚያውቁት፣ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ አየር ይለቅቃል።