ቤዙን ብቻውን አትተዉት፦ የቅየሳ መሣሪያ ከስርቆት የሚጠበቅበት መንገድ

[ምስል፦ ሱሉልታ፤ ገላጣ ሜዳ ላይ በትራይፖድ የቆመ የጂፒኤስ ቤዝ፤ አጠገቡ ማንም የለም]

ከሰርቬይ ዕቃ ሁሉ ለሌባ የሚመቸው ይሄ ቤዝ ነው፤ አንድ ነጥብ ላይ ቆሞ ለሮቨሩ (ሰው ይዞት እየዞረ ለሚለካበት ሪሲቨር) በሬዲዮ ማስተካከያ የሚልክ የጂፒኤስ ሪሲቨር ማለት ነው። ቶታል ስቴሽን (በቴሌስኮፕ ማዕዘንና ርቀት የሚለካው መሣሪያ) አብዛኛውን ጊዜ ሰው አጠገቡ አለ። ቤዝ ግን ጠዋት ይተከልና ሮቨር የያዘው ሰው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ይሄዳል። ሌባው ሪሲቨሩ ምን እንደሚሠራ ባያውቅ እንኳ ሬዲዮው ሥር ያለው የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ስንት እንደሚያወጣ አይጠፋውም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ግን የሚያስረው ትራይፖዱን ነው፤ ሪሲቨሩ ከላዩ ተፈትቶ ጆንያ ውስጥ ለመግባት አንድ ደቂቃም አይፈጅበትም።

[ምስል፦ ትሪብራክ (ሪሲቨሩ ትራይፖዱ ላይ የሚቀመጥበት መያዣ) በቅርበት፤ ትንሽ ካቻቪቴ ብሎኗን ሲያጠብቅ]

ትሪብራኩ ማንሻ አጠገብ ትንሽ ብሎን አለች። በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ስትጠብቅ ማንሻው አይዞርም። ይህም ቢሆን ሌባውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም፤ ከታች ያለው የትራይፖዱ ብሎን በእጅ ይፈታል። ባትሪውንና ሬዲዮውን ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን አድርጉና ሣጥኑን ከዛፍ ወይም ከምሰሶ ጋር እሰሩት። ሬዲዮ በከፍተኛ ኃይል ሲሠራ ስለሚግል የሣጥኑን ጎንና ጎን ብሱት፤ አንቴናው ውጭ ይሁን። ገመዱ ትራይፖዱን ከነካ ላላ ብሎ ይቀመጥ። ከተወጠረ እግሩን ይጎትትና የቀኑን ልኬት በሙሉ ያዛባል።

ዋናው ጉዳይ ግን ቦታው ነው። ኮረብታ ላይ ከመትከል፣ አጥርና ዘበኛ ያለው ግቢ ፈልጉ፤ ትምህርት ቤት፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የግንባታ ካምፕ። ከሁሉ የሚሻለው፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ የኮንክሪት ጣሪያ ነው፤ ከፍታው ሬዲዮውንም ይረዳዋል። ባሕር ዛፍ ሰማዩን የሸፈነበት ግቢ አይሆንም። ቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብም አትትከሉ፤ ሲግናሉ እየነጠረ ልኬቱን ያበላሸዋል።

የታወቀው ነጥብ (ኮርዲኔቱ አስቀድሞ የተለካው) ያለው ውጭ ሜዳ ላይ ከሆነ አንድ ጊዜ ኮርዲኔቱን ከዚያ ወደ ግቢው ነጥብ ለክታችሁ አሻግሩ፤ ኮንክሪቱ ላይ ምስማር ምቱ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ቤዙን ምስማሩ ላይ አቁሙና ሥራ ሳትጀምሩ የታወቀውን ነጥብ በሮቨር ለክታችሁ አረጋግጡ። (ሜዳ ላይ የፌሮ ችካል የምትመቱ ከሆነ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ አስቀሩ። ረዥም ፌሮ ለቁራሌው ይሸጣል።)

[ምስል፦ የኮንትሮለር (የሮቨሩ መቆጣጠሪያ) ስክሪን፤ “ፊክስ” (ትክክለኛ ልኬት) ወደ “ፍሎት” (ግምታዊ ልኬት) ሲቀየር]

ሮቨሩ ራሱ ማንቂያ ነው። ከቤዙ የሚመጣው ማስተካከያ ዕድሜ (ከተሠራ ወዲህ ያለፈው ጊዜ) አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ሰከንድ ነው። ይህ ቁጥር እየጨመረ ሄዶ ፊክስ ከጠፋ፣ ጉብታ ጋርዷችሁ ወይም ባትሪው አልቆ ሊሆን ይችላል። ከደቂቃዎች በፊት በደንብ ወደሠራበት ቦታ ተመለሱ። እዚያም ካልመጣ “ኔትወርክ ነው” ብላችሁ አትቀመጡ፤ ዘበኛው ጋ ደውሉ፣ መኪናውንም አስነሱ።

ቶታል ስቴሽን ላይ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዙሪያው ያለው ዕቃ ነው። ባለሙያው ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ሲያደርግ፣ ቼይንማኑ (ረዳቱ) 200 ሜትር ርቆ ፕሪዝም (የመሣሪያውን ጨረር የሚመልሰውን መስታወት) ሲይዝ፣ ትራይፖዱ ሥር የተከፈተ ሣጥን ትርፍ ባትሪና ፕሪዝም እንደያዘ ይቀራል። ሣጥኑ ተዘግቶ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። በፒክአፕ ጭነት ላይ አይሁን፤ መንገድ ሲጨናነቅ ከኋላ ማንሳት ቀላል ነው።

በከተማው ዳር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ትራይፖድ ሲቆም ያየ ገበሬ መሬቱ ሊወሰድ፣ የካሳ ነገርም ሊነሳ ነው ብሎ ይሰጋል። በንዴት የተወሰደን ዕቃ ቁልፍ አያድነውም። ስለዚህ ከቀበሌው ደብዳቤ ያዙ፣ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ የቀን ሠራተኛም ከዚያው ቅጠሩ። ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ጥቂት አለፍ ሲሉ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። የምትሠሩበት ቦታ በየትኛው ፖሊስ ጣቢያ ሥር እንደሆነ አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ የመጀመሪያው ሰዓት ከጣቢያ ጣቢያ ስትንከራተቱ ያልቃል።

ፒን ኮድ ያለውን መሣሪያ ፒን አስገቡለት። በላይካ ቶታል ስቴሽኖች ፒኑ 5 ጊዜ ከተሳሳተ መሣሪያው ፑክ (የተቆለፈውን የሚከፍት ኮድ) ይጠይቃል፤ ፑኩ ከዕቃው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ቢሮ ይቀመጥ። ሣጥኑ ውስጥ ከተዋችሁት ለሌባው ቁልፉን አብራችሁ ሰጣችሁት።

የሪሲቨሩን፣ የኮንትሮለሩን፣ የሬዲዮውንና የባትሪዎቹን ሴሪያል ቁጥር ለየብቻ መዝግቡ፣ ፎቶም አንሷቸው። ዕቃው ከጠፋ ዝርዝሩን ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ካሊብሬሽን (የመሣሪያ ትክክለኛነት ፍተሻ) ለሚሠሩና መሣሪያ ለሚያከራዩ ቤቶችም በዚያው ቀን ላኩ። ሜዳ ላይ የሰረቀ ሰው ቻርጀር ስለማያገኝ፣ ባትሪው ሲያልቅ እሱ ወይም የገዛው ሰው ቻርጀር ፍለጋ እነዚህን ቤቶች ማንኳኳቱ አይቀርም።