ያው ድምፅ፣ ሌላ ውል፦ ፓትሲ ክላይን እስከ 1960 እና ከዚያ ወዲህ

ክቡራንና ክቡራት፣ በተለይም በድምፅና በቀረጻ ሙያ ላይ የተሰማራችሁ ወጣቶች፣

ስለ ፓትሲ ክላይን ሲወራ ቶሎ የሚነሣው አሟሟቷ ነው። እኛ ዛሬ ልናነሣ የመጣነው ውሏን ነው። ይህች አሜሪካዊት የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ድምፃዊት ከ1955 እስከ 1960 ድረስ 51 ዘፈኖች አስቀርጻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በደንብ የተሰማላት አንዱ ብቻ ነበር። ከ1960 መጨረሻ ጀምሮ ግን፣ ሁለት ዓመት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ዛሬ ስሟን የሚያስጠሩትን ሥራዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሠራች። ፕሮዲዩሰሩ ያው ኦዌን ብራድሊ ነው። ስቱዲዮው በአብዛኛው ያው ናሽቪል ያለው የብራድሊ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ድምፁም ያው ነው።

በ1954 የፈረመችው ፎር ስታር ከተባለ የካሊፎርኒያ የሸክላ ኩባንያ ጋር ነበር። ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ናት፤ የቨርጂኒያዋ ዊንቸስተር ልጅ፣ ትምህርቷን አቋርጣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ለስላሳ መጠጥ ስትቀዳ የኖረች፣ የመድረክ ልብሷን እናቷ የሚሰፉላት። ውሉ እጇን ያሰረው በሁለት በኩል ነው። ድርሻዋ ከሽያጩ 2.34 በመቶ ሲሆን የስቱዲዮው ወጪ ከዚሁ ይቀነሳል። የባሰው ሁለተኛው ነው፦ ፎር ስታር መብቱን የያዘውን ዘፈን እንጂ ሌላ መዝፈን አትችልም። ኩባንያው የግጥሙና የዜማው ባለመብት ስለሆነ ሸክላው በተሸጠ ቁጥር ከዚያም በኩል ያገኛል፤ ከሌላ አሳታሚ ጥሩ ዘፈን ማምጣት ለእሱ ገቢ ማካፈል ነው። ስለዚህ ብራድሊ ግሩም ዘፈን ቢሰማ እንኳ ሊያስዘፍናት አይችልም። ቢቸግረው አንዴ በሮክ፣ አንዴ በመንፈሳዊ መዝሙር፣ አንዴ በቫልስ ሞከራት። ደካማ ዜማን ቅንብር አያድነውም።

የተሰማላት አንዱ «ዎኪንግ አፍተር ሚድናይት» ነው። ጃንዋሪ 21 ቀን 1957 በአርተር ጎድፍሬይ የቴሌቪዥን ውድድር ላይ ዘፍናው አሸነፈች፤ በካንትሪ የተወዳጅነት ሰንጠረዥ 2ኛ፣ በፖፕ 12ኛ ደረሰ። ከዚያ ለሦስት ዓመት ያህል ዝም።

ውሉ በ1960 ሲያበቃ ዴካ ከተባለው ሌላ የሸክላ ኩባንያ ጋር በቀጥታ ፈረመች። የመጀመሪያው ቀረጻ ኖቬምበር 16 ቀን 1960 ነው። የዘፈን ደራሲዎቹ የሃንክ ኮክራንና የሃርላን ሃዋርድ «አይ ፎል ቱ ፒስስ» ለሌሎች ቀርቦ የተመለሰ ዘፈን ነበር። እሷም ጆርዳኔርስ የተባሉት አራት ወንድ አጃቢዎች ድምፄን ይሸፍኑታል ብላ ሰግታ ነበር። አልሸፈኑትም፤ በለሆሳስ ከሥሯ ሆነው ደገፏት። ቤዙን ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙት። ቦብ ሙር በትልቁ የእንጨት ቤዝ የሚጫወተውን የኦዌን ወንድም ሃሮልድ ብራድሊ በባለ ስድስት ክር ኤሌክትሪክ ቤዝ፣ ክሩን እያፈነ፣ አብሮት ይመታዋል። ያ ቲክ ቲክ የሚለው ጥርት ያለ ምት የእንጨቱ ቤዝ በትንሽ ራዲዮ እንዳይጠፋ ያደርገዋል። ዘፈኑ በ1961 ክረምት የካንትሪ 1ኛ ሆነ።

ጁን 14 ቀን 1961 ግን መኪና ተጋጭቶ በፊት መስተዋቱ ወጥታ ተወረወረች። ኦገስት 21 ስቱዲዮ የገባችው የጎድን አጥንቷ ሳይሽር ነው። የዕለቱ ዘፈን የዊሊ ኔልሰን «ክሬዚ» ነበር። ዊሊ ለናሙና ሲዘፍነው ከምቱ ወደኋላ እየቀረ፣ እንደሚያወራ ሰው ነው። እሷ ያንን ልትከተል ስትል አልሆነላትም፤ ኦዌን ብራድሊ በራስሽ መንገድ ዝፈኚው አላት። ዜማው ገና ከመጀመሪያው ቃል ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ለመድረስ ትንፋሽ ከታች መደገፍ አለበት፤ የታመመ ጎን ደግሞ ይህን አይፈቅድም። በጊዜው በናሽቪል ልማድ በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሦስት አራት ዘፈን ይቀረጽ ነበር፤ ያን ቀን በአንዱ ብቻ አራት ሰዓት አለቀ፣ የላይኛው ድምፅም አልወጣም።

ያኔ ድምፃዊና ሙዚቀኛ ባንድ ላይ ነበር የሚቀረጹት። ነገር ግን ብራድሊ ባለ ሦስት ትራክ፣ ማለትም ድምፆችን በሦስት መስመር ለየብቻ የሚይዝ፣ ቴፕ ነበረው። የፍሎይድ ክራመርን ፒያኖና የሌሎቹን አጃቢዎች ሥራ አስቀምጦ ላካት፤ ጎኗ ሲሻላት ተመልሳ ድምፁን ለብቻ ባንድ ጊዜ አስገባችው። በፖፕ 9ኛ ሆነ። የመሣሪያው ጥቅም ሰውነትን ከሙዚቀኞቹ ሰዓት ነጻ ማውጣቱ ነው፤ ዛሬ በስልካችሁ የምትሠሩት ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው።

ከዚያ በ1962 «ሺዝ ጎት ዩ» በካንትሪ 1ኛ ወጣ። ማርች 5 ቀን 1963 በቴነሲ ካምደን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ በ30 ዓመቷ አረፈች።

ፎር ስታር የያዛቸው 51 ቅጂዎች እስከ ዛሬ በርካሽ ስብስብ ላይ ደጋግመው ይወጣሉ። የፓትሲን ሥራ ስትገዙ ወይም ስታወርዱ የቀረጻውን ቀን እዩ፤ ከኖቬምበር 1960 በፊት ከሆነ የፎር ስታር ነው። «ዎኪንግ አፍተር ሚድናይትን» በ1956 አንዴ፣ በ1961 ለዴካ እንደገና ቀርጻዋለችና ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። በፊተኛው ስቲል ጊታሩ (ክሩ ላይ ብረት እየተንሸራተተ የሚጫወቱት ጊታር) ጎልቶ ይሰማል፤ በኋለኛው ጆርዳኔርስ ገብተዋል። አሁን ሁለቱንም እናሰማችኋለን፤ የ1956ቱ ይቀድማል።